የጆምሱክ ነፋስ

ኦሳካ፣ ጁላይ 2 ቀን 1994

ለተከበሩት የወንድሜ ባለቤት፣ ለእትዬ ሄሱን፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ እርስዎንም እናቴንም በደህና እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። በእኛ በኩል እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን፤ ጎመን በበርበሬ የምናቦካበት የኪምቺ ሱቃችንም እንደ አቅሚቲ ይሠራል። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ እናቴን ብቻዎን ይዘው መኖርዎን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ውለታዎን የምከፍልበት ዕድሜ ይስጠኝ።

ቴሌቪዥኑ ዴጉ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገባች ባለ ቁጥር እናቴ በዚያች ፀሐይ በማያጣት ክፍሏ ላብ ሲያጠምቃት ትታየኛለች። ተወልጄ ያደግኩበት ሙቀት ነውና ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ስለዚህ ሳላማክርዎ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ አይቀየሙኝ። እዚያው ዴጉ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አየር ማቀዝቀዣ ገዝቼላታለሁ። ገንዘቡ በባንክ ተልኮ አልቋል። ሰዎቹ በሚመጣው ሳምንት መጥተው ይገጥሙታል። የሚገጠመው እናቴ ክፍል ነው እንጂ ሳሎን አይደለም፤ ይህንንም ለሰዎቹ አስረግጬ ነግሬያቸዋለሁ።

አደራ የምልዎት፣ በርና መስኮት ዘግታ እንዳትተኛ። በአገራችን ሁሉ እንደሚታወቀው ተራ ቬንትሌተር እንኳ በዝግ ክፍል ውስጥ ሲያድር ትንፋሽ ቆርጦ ሰው ይገድላል፤ ይሄ ደግሞ የቬንትሌተር አሥር እጥፍ ነው። መስኮቱም በሩም ወለል ብለው ይከፈቱ። እርስዎም ይህን አያጡትም፣ ግን ልቤ አላርፍ ስላለኝ ነው።

በግንቦት የላኩልኝ ፎቶግራፍ ደርሶኛል። እናቴ ጭንዎን ተንተርሳ ጸጉሯን ጥቁር ቀለም ሲቀቧት። ባለቤቴ አይቶ በፍሬም እንስቀለው አለ። ቆይ አልኩት። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ይህን ደብዳቤ ቃል በቃል ያንብቡላት። ስልክ ስደውል "ማነሽ? ማነሽ?" እያለች ትዘጋብኛለች፣ ማንበብ ደግሞ አልተማረችም፤ ያለ እርስዎ እኔና እሷ የምንገናኝበት መንገድ የለንም።

አክባሪዎ፣
ጆምሱክ


ዴጉ፣ ጁላይ 21 ቀን 1994

ለእህት ዓለም ለጆምሱክ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን በደህና ተሻግሮ ይድረስሽ። እማማ ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይቆጣሉ። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ።

ዕቃሽ መጣ። ሁለት ሰዎች ግድግዳዬን ሲበሱ ውለው አመሻሹ ላይ ገጠሙት። እማማ መጀመሪያ ቀዝቃዛው አየር ፊታቸውን ሲነካው "ውይ!" ብለው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ሥሩ ቁጭ አሉ። በማግስቱ ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን ስስ ነጭ ቀሚስ አውጪልኝ አሉኝ። ለብሰው ማቀዝቀዣው ሥር ተቀመጡ። እንግዳ ይመጣል እንዴ ብላቸው "አይ፣ ልጄ የላከችልኝ ነገር ሥር በአሮጌ ቀሚስ አልቀመጥም" አሉ።

እንግዳውማ መጣ። የሰሊጥ ዘይት የምታስጨምቀው ወይዘሮ ኩ፣ ከፋርማሲው ጀርባ ያሉት ሁለቱ መበለቶች፣ ማን ቀረ! አሁን በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እማማ ስም አውጥተውለታል። ሙቀቱ ሲብስ "የጆምሱክን ነፋስ ክፈቱልኝ" ይላሉ። እኔ ነኝ ተነስቼ የምከፍተው።

ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ኩ ቢጫ ሐብሐብ እየላጠች፣ እኔ እዚያው ቆሜ ገብስ ሻይ እየቀዳሁ፣ "ሴት ልጅሽ ይህን ላከች፣ ምራትሽስ ምን ገዝታልሽ ታውቃለች?" አለቻቸው። እማማ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? "እሷማ እዚሁ አለች።" በቃ። እሷማ እዚሁ አለች።

ሃያ ስምንት በጋ በወረቀት ማራገቢያ እጄ እስኪዝል አራግቤላቸዋለሁ። ያንን ሊያይ ትራሱን ይዞ የመጣ ጎረቤት ግን አላስታውስም። ቀልዴን ነው፣ አትቀየሚኝ።

መስኮቱን አደራ ያልሽውን አልረሳሁም። በርም መስኮትም ቀንና ሌሊት ክፍት ነው። እኔስ ብሆን ሰው እንዲሞትብኝ እፈልጋለሁ?

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።
ሄሱን


ኦሳካ፣ ኦገስት 3 ቀን 1994

ለእትዬ ሄሱን፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ደብዳቤዎን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። የጆምሱክ ነፋስ! ሱቅ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ነገርኩ። አንዲቱ ሴትዮማ ነጭ የራዲሽ ሥር ልትገዛ መጥታ እያለቀሰች ሄደች።

እስቲ ሌላም ይጻፉልኝ። ነጩን ቀሚስ ስትለብስ ስሜን ስንት ጊዜ ጠራች? ማቀዝቀዣው ሥር ሳትሆንስ ታነሳኛለች? ጠዋት ስትነሳ፣ ምሳ ስትበላ? አንዳንዱን ነገር እርስዎ ተራ ነገር ነው ብለው ይተዉታል፤ እኔ ግን ተራውን ነው የምፈልገው። እርስዎ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰሙትን ድምፅ እኔ ከስልኩ «ማነሽ» ሌላ በሦስት ዓመት አንዴ ስመጣ ነው የምሰማው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ጉዳይ ልንገርዎ። ሙቀቱ ሲበርድ እናቴ ወደ እኔ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ለጉብኝት አይደለም፣ ለኑሮ ነው። ምድር ቤት ያለውን ክፍል አስቀብቼ ጨርሻለሁ፤ ደረጃ መውጣት አይኖርባትም። ሰፈሩ እንደሆነ የአገራችን ሰው የሞላበት ነው፣ ቋንቋ አይቸግራትም። እርስዎም ቢሆኑ የአቅምዎን ያህል ደክመዋል፣ ይረፉ። ይህችን መስመር በጥሞና አንብበውላት እሷ ያለችውን እንደወረደ ይጻፉልኝ።

መልስዎን በጉጉት የምጠብቅ፣
ጆምሱክ


ዴጉ፣ ኦገስት 22 ቀን 1994

ለጆምሱክ፤

እንዴት ነሽ? እኛ ከዚህ ከሚነድ አገር ሰላም እንልሻለን።

የመብራት ሂሳብ መጣ። ወረቀቱን ከበሩ ሥር ሳነሳው የሌላ ሰው ነው ብዬ ለጎረቤት ልሰጥ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሳየው የእኛ ስም ነው። የባሌ ስም፣ የሟቹ። በበጋ አሥራ አራት ሺህ ዎን አልፎ የማያውቀው መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ዎን ይላል።

እማማን ጠርቼ ነገርኳቸው።

"ስንት?"

"መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ።"

"የፋብሪካውን ነው ያመጡልን። ሂጂና መልሽላቸው።"

ሄድኩ። የመብራት ቢሮው ወረፋ እስከ መንገድ ወጥቶ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወረቀቱን እያራገበ ቆሟል። ሂሳብ ክፍል ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ዘንድሮ አየር ማቀዝቀዣ ገዝተዋል?" አለኝ።

"እኔ አልገዛሁም" አልኩት።

"ታዲያ ማን ገዛ?"

"የባሌ እህት። ኦሳካ ነው ያለችው።"

"እንግዲያው ሂሳቡን ኦሳካ ይላኩላት!"

ከኋላዬ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ በደንብ አስረዳኝ። ትንሽ ስትጠቀሚ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከተወሰነ ሲያልፍ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍጆታ በእጥፍ ይታሰባል፣ ከዚያም ሲያልፍ በሦስት እጥፍ፣ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ነው። እኛ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ወጥተን ተቀምጠናል። የቆጣሪው ቁጥር ትክክል ነው አለኝ።

ለኅዳር ኪምቺ በርበሬ መግዣ ያስቀመጥኳትን አውጥቼ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ማቀዝቀዣውን ላጥፋ ስል እማማ እጄን ያዙኝ። "ልጄ የላከችልኝን ልታጠፊብኝ ነው?" አሉኝ። ወይዘሮ ኩ ተጋድማ እያየችን ነበር። አላጠፋሁም።

ነገሩን እንዲህ በግልጽ የምጽፍልሽ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ነፋሱ በስምሽ ከተጠራ ሂሳቡም በስምሽ ቢጠራ ምን ይለዋል? ግማሹን እንኳ ብትልኪ የሚቀጥለውን ወር እንወጣዋለን። ካልሆነ ግን እንዲጠፋ አንቺው ራስሽ ጻፊላቸው፤ እኔ ባጠፋው ምቀኛ እባላለሁ።

እማማ ሰላም ብለውሻል።
ሄሱን


ኦሳካ፣ ኦገስት 31 ቀን 1994

ሄሱን፤

ጤና እንደምትሆኚ ተስፋ አለኝ። ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ልኬያለሁ፤ ሃያ አምስት ሺህ የን ነው፣ ትርፉን በርበሬ ግዢበት። የእናቴን ነፋስ ማንም እንዲያጠፋባት አልፈልግም።

አሁን ግን ልጠይቅሽ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ቡሳን ውስጥ ይህንኑ ማቀዝቀዣ በዚሁ ሙቀት ሲያሠራ ከረመ። የከፈለው የእናንተን ሲሶ አይሞላም። የቀረው የት ሄደ? የጓሮውን ክፍል አከራይተሻል? ለወይዘሮ ኩ መጭመቂያ ሽቦ ጎትታችሁላታል? ወይስ ቀን መበለቶቹ ሌሊት ደግሞ አንቺ ነሽ ከሥሩ የምትተኚው? ለእናቴ ብዬ ነው የላክሁት። ለሰፈሩ አይደለም፣ ላንቺም አይደለም።

ደግሞ ሌላ ነገር። የወረፋውን ሳቅ ጻፍሽልኝ፣ ሂሳብ ክፍል ያለው ሰውዬ ያለውን ጻፍሽልኝ፣ ወይዘሮ ኩ እንዴት እንደተጋደመች ጻፍሽልኝ። እኔ የጠየቅኩሽን አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም። እናቴ ምን አለች? እመጣለሁ አለች ወይስ አልመጣም? ወር ሊሞላው ነው። ክፍሉ ተቀብቶ ባዶውን ቁጭ ብሏል።

እውነቱን እንድናገር ከፈለግሽ ልንገርሽ። ማቀዝቀዣውን የገዛሁት ያንን ፎቶግራፍ ባየሁ ማግስት ነው። እናቴ ጭንሽን ተንተርሳ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ዕረፍት እኔ በልጅነቴም አይቼባት አላውቅም። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እሷን የማቅፍበት እጅ ስላልነበረኝ በገንዘቤ ነፋስ ገዝቼ ላክሁላት። አዎ፣ ቀንቼ ነው። ግን መብቴ ነው። አንቺ ምራት ነሽ። ከሆዷ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ይህንንም አንብቢላት፣ ከደፈርሽ።

ጆምሱክ


ዴጉ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1994

ለጆምሱክ፤

የመኸር በዓልን እንዴት አሳለፍሽ? እኛ ለሟቾቹ፣ ለአባትሽና ለወንድምሽ፣ ማዕድ እንደ ደንቡ አቅርበን ዋልን። በማዕዱ ፊት ያንቺንም ፈንታ ሰግጃለሁ።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እትዬ ስትዪኝ የነበርሽው አንቺ ብለሽኛል፤ ይሁን፣ ተናደሽ ነው። ገንዘብሽ ደርሷል። በመጀመሪያ ስለ ሂሳቡ ልንገርሽ፣ ሌባው ተይዟልና።

ደብዳቤሽ የደረሰ ሰሞን ቆጣሪ አንባቢው መጣ። እጁን ይዤ "ዛሬማ ገብተህ ሳታይልኝ አትሄድም፤ እህቴ ሌባ ብላኛለች" አልኩት። ጫማውን አውልቆ ገባ። እማማ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማቀዝቀዣው ያጓራል፣ አራት አሮጊቶች ተጋድመዋል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ በሩም ተከፍቷል።

"እማማ፣ መስኮቱ ለምን ተከፈተ?" አላቸው።

"እንዳንሞት ነዋ!" አሉት አራቱም ባንድ አፍ።

"ቀንም?"

"ሞት ቀንና ሌሊት ይለያል እንዴ?" አለችው ወይዘሮ ኩ።

ሰውዬው ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ። "እሱ እኮ ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ አላርፍም ብሎ ነው የሚሠራው። በመስኮት ታስወጡታላችሁ፣ እሱ እንደገና ይሠራል። ሁለት ወር ሙሉ የዴጉን ከተማ ስታቀዘቅዙ ነው የከረማችሁት!"

"እሱስ እውነት ነው" አለች ወይዘሮ ኩ፣ "በእኔም ደጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።"

እማማ ግን አልተበገሩም። "አንተ ቤትህ ቬንትሌተር አብርተህ ዘግተህ ትተኛለህ?" አሉት። ሰውዬው ራሱን አከከ። "እኔማ... እኔም አልደፍርም፣ ሚስቴም አትፈቅድልኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ይስማው!

እንግዲህ አከራይቼ አይደለም፣ ሽቦም አልጎተትኩም። መስኮቱን ያስከፈትሽው አንቺ ነሽ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እንዳይሞቱብን ፈርተን ነው።

አሁን የምጽፈውን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እናቴ ምን አለች ብለሽኛል። ምንም አላሉም። አላነበብኩላቸውም። የኦገስት ሦስቱን ደብዳቤሽን ስለ ሱቁ፣ ስለ ራዲሿ ሴትዮ እያነበብኩ እያሳቅኋቸው መጥቼ፣ ወደ እኔ እንድትመጣ የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ። ገጹን ገለበጥኩና "በጣም ናፍቃዎታለች" ብዬ አጠፍኩት። ቀንቼ ነው፣ ጆምሱክ። አንቺ በአንድ ፎቶግራፍ ሦስት ቀን ሳትበዪ ዋልሽ፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ በገዛ ቤቴ ስምሽን ስከፍትና ስዘጋ ከረምኩ። አንቺ ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ፣ ሱቅ አለሽ። እኔ ባሌ አፈር ገብቷል፣ ልጄ አግብታ ማሳን ከተማ ሄዳለች። የቀሩኝ እኚህ አንድ ሴትዮ ናቸው። እሳቸውም ደግሞ የእኔ አይደሉም፤ ምራት ነሽ ብለሽ አስታወስሽኝ።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ግን አነበብኩላቸው። ከደፈርሽ ስላልሽኝ አንዲት ቃል ሳላስቀር። ምራት ነሽ ያልሽውንም። ከዚያ የኦገስቱን አውጥቼ የዘለልኩትን አነበብኩ። እማማ ቀሚሳቸውን በጣታቸው አለሰለሱ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ "ኦሳካ በመርከብ ስንት ቀን ነው?" አሉኝ። አንድ ሌሊት ነው አልኳቸው። "ልጄ ጠርታኝ ይኼን ያህል ዝም አልኳት ማለት ነው" አሉ።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት "ሸብቼ እንዳታየኝ፣ ጸጉሬን ቅቢኝ" አሉኝ። ጭኔን ተንተርሰው ቀባኋቸው። ወዳንቺ ለመምጣት ነው የሚያምሩት፣ እኔ ነኝ የማሳምራቸው። ቀለሙ አምልጦኝ ግንባራቸውን አጠቆርኩት።

ኦክቶበር ስምንት ከቡሳን አሳፍራቸዋለሁ። ወደብ ላይ ጠብቂያቸው። የግራ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ሾርባ ላይ ጨው ሲበዛ አይወዱም፣ ጆሯቸው የሚሰማው በቀኝ በኩል ነው።

ሄሱን


ዴጉ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1994

ለእማማ፤ ጆምሱክ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ በቀኝ በኩል ሆነሽ አንብቢላቸው።

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ባሕሩ አላንገላታዎትም? እኔ ደህና ነኝ። ወይዘሮ ኩና መበለቶቹ ሰላም ብለዋል። አሁን ማንም ትራስ ይዞ አይመጣም፤ በርዷል።

የመብራት ሂሳብ መጣ። ስድስት ሺህ ዎን ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ቆጣሪ አንባቢው ቆጣሪውን አይቶ ዞረና "እማማ ሄዱ እንዴ?" አለኝ። እኔ አልነገርኩትም፣ ከቁጥሩ ነው ያወቀው። ወረቀቱን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በመቶ ሰማንያ ሰባት ሺህም ያን ያህል አላለቀስኩም።

ናፍቀውኛል። ጠዋት ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ። ሳይቆጡኝ ነው የሄዱት፤ የዘለልኩትን ገጽ ይቅር ይበሉኝ።

የኪምቺ ጊዜ ደርሷል። ዘንድሮ ስንት ጎመን ጨው ውስጥ እንደምዘፈዝፍ ግራ ገብቶኛል። ለአንድ ሰው ሠርቼ አላውቅም። እስቲ ይንገሩኝ እማማ፣ ለስንት ሰው ልሥራ?

ልጅዎ፣
ሄሱን


ኦሳካ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1994

ለእህቴ ለሄሱን፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። አሁንም አንቺ ልበልሽ፤ የአሁኑ በንዴት አይደለም።

እናቴ ደህና ናት። ክፍሏ ሞቃት ነው፣ ትበላለች። መጀመሪያ ወደብ ላይ ስታየኝ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም፤ ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ነገር እጄ ገባ ብዬ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሾርባ ስቀዳላት "ሄሱን፣ ይበቃኛል" አለችኝ። አላረምኳትም። በማግስቱም ደገመችው። ልጆቼን ስታያቸው ትስቃለች፣ ልብሷን ሳጥብላት ትመርቀኛለች፣ ግን እዚህ ቤት እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ ነው የምትቀመጠው። እኔን ተቆጥታኝ አታውቅም። አንቺን ትቆጣ እንደነበር አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ። እኔም ትቆጣኝ ዘንድ ሩዝ ሆን ብዬ አሳርሬ አውቃለሁ። "ምንም አይደል ልጄ" ብላ በላችው።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ መጣ። "የሄሱን ነው? አንብቢልኝ" ብላ ቀኝ ጆሮዋን አዞረችልኝ። ስለ ወይዘሮ ኩ አነበብኩ። ስለ ሂሳቡ አነበብኩ፤ ሳቀች። ናፍቀውኛል የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ። ገጹን ገለበጥኩና "ሰላም ብላሻለች" ብዬ አጠፍኩት። ያንቺኑ ሥራ ደገምኩት። ሌባ ብዬሽ አልነበር!

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"አንቺ ስትዘዪ ታስያለሽ፣ ሄሱን ስትዘል ደግሞ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።"

"ምን?"

"ማንበብ አልተማርኩም እንጂ ዕውር አይደለሁም። በጋው ላይም አንድ ገጽ እንደዘለለችብኝ አውቃለሁ።"

"አውቀሽ ለምን አልጠየቅሻትም?"

"ምን እንዳለበት ጠርጥሬያለኋ። ነይ ብለሽኛል አይደል? ጆሮዬ ከሰማው እምቢ ልልሽ አልችልም፤ ልጄ ነሽ። ስለዚህ ዘለለችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።"

ደስ አለኝ ነው ያለችው፣ ሄሱን። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ሰረቅኳት ብለሽ ስትቃጠዪ እሷ ሥርሽ ተቀምጣ እሰይ ስትል ነበር። ይህን ስሰማ ያደረብኝን ቅናት ልጽፍልሽ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። በእጄ ያለውን ደብዳቤ አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁ፣ ባዶ የጎመን ሳጥኖች ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስመለስ እዚያው እንደተቀመጠች ነበር። ደብዳቤሽን ዘረጋሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት። ናፍቀውኛል የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ይቅር ይበሉኝ የሚለው ጋ "ምን አጥፍታ!" አለች። ለስንት ሰው ልሥራ የሚለውን ስጨርስ ትንሽ አሰበችና "ለሁለት በያት" አለችኝ።

ነገርኩሽ። ይኸው፣ አንዲት ቃል አልዘለልኩም።

የመርከቡን ትኬት የምልክልሽ ላንቺ ነው፤ መምጫውም መመለሻውም አለበት፣ የእሷም መመለሻ አብሮ አለ። መጥተሽ ውሰጃት። እኔ በገዛ እጄ መርከብ ላይ ላሳፍራት አልችልም።

ጆምሱክ